ዓመት የሚያገለግል ወረቀት

በሽታዬን ያወቅሁት ውሃ ጠጥቼ ጠጥቼ አልጠግብ ባልኩበት ክረምት ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤተሰቦቼ ከዳባት ዝቅ ብሎ፣ ከተራሮቹ ግርጌ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። እናቴ ከምንጭ ቀድታ ያመጣችውን ውሃ ብቻዬን ስጨርሰው፣ ሰውነቴ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየሟሸሸ ቀሚሴ ሲሰፋኝ፣ መጀመሪያ ጠበል ወሰዱኝ። አንድ ጠዋት ከመደቡ መነሳት ሲያቅተኝ ግን አራት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልቱ ዳር አደረሱኝ። ሆስፒታል ውስጥ ዓይኔን ስገልጥ አባቴ ከአልጋዬ አጠገብ ቆሟል፤ ነርሷ ስለ ኢንሱሊን መርፌ ታስረዳዋለች።

«ስንት ቀን ነው የምትወጋው?» አላት።

«ዕድሜ ልኳን ነው፣ አባቴ።»

«ዕድሜ ልክ? ምን አጥፍታ?»

ነርሷ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ደካማ ብሆንም ሳቅሁ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለቤታችን ከባድ ነበሩ። አባቴ መጀመሪያ ጊደሯን ሸጠ፤ ቀጥሎ በጎቹን አንድ በአንድ። መድኃኒት ሊገዛልኝ ወደ ከተማ በወጣ ቁጥር በረታችን ሲሳሳ ማየት ከመርፌው የበለጠ ያመኝ ጀመር። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር መጠኑን ቀነስኩት። ለሳምንት የታዘዘልኝን ዐሥር ቀን አደርሰዋለሁ። ዓይኔ ይደበዝዛል፣ እግሬ ይደነዝዛል፤ እኔ ግን ለቤተሰቤ ትልቅ ነገር እንደሠራሁ ይሰማኝ ነበር።

ኋላ ለመንገዱም ለመድኃኒቱም ቅርብ ልሁን ብዬ ዳባት ወጣሁና ስፌት ተማርኩ። አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሴት ቀሚስ፣ የሚያጥር የሚጠብ ሁሉ እሠራለሁ። ፍሪጅ ስለሌለኝ ኢንሱሊኔን እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ አኖረዋለሁ፤ አገራችን ደጋ መሆኑ እዚህ ላይ በጣም ረድቶኛል።

የጤና መድህን መዝጋቢዎች ወደ ቀበሌያችን የመጡ ቀን የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ይዤ ነበር። በድምፅ ማጉያ ያስተዋውቃሉ። በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን የከፈለ አባል ዓመቱን ሙሉ በካርዱ ይታከማል ይላሉ። አብራኝ በረንዳው ላይ ቅመም የምትሸጠው ሴትዮ እጇን አራገበች። «ጤነኛ ነኝ፤ ምን ሊያደርግልኝ?» አለች። እኔ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ገባኝ፤ እኔን የመሰለ ቀድሞ የታመመ ሰው አይቀበሉ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ቀሚሱን አስቀምጬ ሮጥኩ።

«ስኳር አለብኝ» አልኩት መዝጋቢውን፣ ትንፋሼ ሳይመለስ። «አሁን የታመመ ሰው ትመዘግባላችሁ?»

«የታመመም ያልታመመም እንመዘግባለን።»

«የማይድን በሽታ ቢሆንስ? በየጊዜው መድኃኒት የሚያስፈልገው?»

«እሱንም ነው የምልሽ፣ እህቴ። ስምሽን ንገሪኝ።»

ካርዴ ላይ ያለው ፎቶ የተነሳው ያን ቀን ነው። ሜትሩ ከአንገቴ ላይ ሳይወርድ ነው የተነሳሁት፤ እስከ ዛሬ ካርዴን የሚያይ ሁሉ «ልብስ ሰፊ ነሽ?» ይለኛል።

ካርዱ መሥራት በሚጀምርበት ሳምንት፣ ንጋት ላይ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ወደ ደባርቅ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ካርዱን ከቦርሳዬ እያወጣሁ ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም። ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ ገና ካርድ ክፍሉ አልተከፈተም። ተራዬ ሲደርስ ካርዴን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ አገላበጠችው።

«ሪፈር የታለ?»

«የምን ሪፈር?»

«በጤና መድህን የሚታከም ሰው መጀመሪያ በጤና ጣቢያ ይታያል። እነሱ ከአቅማችን በላይ ነው ብለው ሪፈር ሲጽፉልሽ ነው እዚህ የምትመጪው። ደንቡ ነው፣ የኔ እህት።»

ለመናደድ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም። በተመላሹ ሚኒባስ ዳባት ወርጄ ጤና ጣቢያ ተሰለፍኩ፤ ሪፈሩን ተቀበልኩ፤ በማግስቱ ተመልሼ ደባርቅ ነኝ። በዚህ ጊዜ የካርድ ክፍሏ ልጅ ፈገግ ብላ ወረቀቴ ላይ ማህተም መታችልኝ። ሐኪሙ አየኝ፤ ደሜን ሰጠሁ፤ ማዘዣ ተጻፈልኝ። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊንና መርፌዎቹን አስቀመጡልኝ።

«ክፍያስ?» አልኩ።

«ጨርሰሻል።»

«የምርመራው?»

«እሱም አልቋል። ካርድሽ ችሎታል።»

ከመስኮቱ አልነቃነቅ አልኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች «ኧረ እለፊ!» እስኪሉኝ ድረስ ብልቃጦቹን እያየሁ ቆምኩ። ከዚያ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ብቻዬን መሳቅ ጀመርኩ። አጠገቤ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ረጅም ዱላ በጉልበታቸው መሃል ያቆሙ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር።

«ምን አግኝተሽ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«መድኃኒቴን፣ አባባ። በነፃ!»

«በነፃ አይደለም» አሉ ኮስተር ብለው። «ከፍለሻል። እኔም ከፍዬልሻለሁ። አንቺም ለኔ ከፍለሽልኛል። የሁላችን መዋጮ እኮ ነው።» ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። «ስኳር ነሽ? እኔም ስኳር ነኝ። ግፊትም ጨምረውልኛል።»

እኚህ ሰው የኛው ወረዳ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከቤተሰቦቼም ቀበሌ ዝቅ ብሎ ነው። ወደ ዳባት ለመውጣት ከግማሽ ቀን በላይ በእግራቸው ይጓዛሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የክትትል ቀጠሯችን አንድ ቀን ስለዋለ፣ በየሦስት ወሩ እዚያው አግዳሚ ላይ እንገናኝ ጀመር።

መጠኑን ሳልቀንስ መውጋት ከጀመርኩ ጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ በመጀመሪያው ሙከራ ገባልኝ። ዓይኔ እየጠራ መምጣቱን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ክሩን አውጥቼ እንደገና አስገባሁት፤ አሁንም ገባ። ቅመም ሻጯን ጠርቼ አሳየኋት። «ምኑ ነው የሚያስደንቀው?» አለችኝ። ለኔ ግን ከዚያ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም። ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት እልልታዋ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ነበር።

ደስታዬ ሙሉ እንዳይሆን ያደረገው የሪፈሩ ነገር ነው። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደገና ጤና ጣቢያ፣ እንደገና ሰልፍ፣ እንደገና ወረቀት። እኔ ዳባት ስላለሁ አንድ ጠዋት ይፈጅብኛል። ሽማግሌው ግን ከቤታቸው ወጥተው ዳባት ይገባሉ፤ ዘመድ ቤት ያድራሉ፤ ሪፈር ያጽፋሉ፤ ደባርቅ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ያው መንገድ ተመልሶ ይጠብቃቸዋል። መኪና የማይሄድበት ቀን ከተጨመረማ ሳምንቱ አለቀ።

አንድ ቀጠሮ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሲያዩ አገኘኋቸው። ተረከዛቸው ተሰንጥቋል።

«የስኳር ሰው እግሩን ይጠብቅ ይላል ሐኪሙ» አሉኝ። «እጠብቃለሁ እንጂ። ግን ሐኪሙ ጋ ለመምጣት ነው እግሬ የሚያልቀው።»

እየሳቁ ነው የተናገሩት፤ እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ዳባት እስክደርስ ድረስ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ።

በዚያው ሰሞን ቀበሌያችን ለወረዳው የጤና መድህን ጠቅላላ ጉባኤ ተወካይ ለመምረጥ ስብሰባ ጠራ። እኔ ስብሰባ አልወድም፤ ያን ቀን ግን ሄድኩ። «አስተያየት ያለው?» ሲባል እጄን አወጣሁ። ስለ ሪፈሩ ስናገር ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። ስጨርስ ሊቀመንበሩ ጭንቅላቱን እየነካካ «እንግዲህ ይህን ጉባኤው ላይ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል» አለ። ከኋላ አንዲት ሴት «ምን ትፈልጋላችሁ? እሷው ትሂድ እንጂ!» ብላ ጮኸች። እጅ ወጣ። ተወካይ ሆንኩ። ከቤቴ ስወጣ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ስመለስ የቀበሌ ተወካይ!

የጉባኤው ዕለት አዲስ የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሼ ገና ሳይሰበሰቡ ደረስኩ። አዳራሹ ቀስ በቀስ ሞላ። ካህናት፣ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ከሆስፒታሉ የመጣ ሐኪም። ዞር ስል በበሩ ነጭ ጋቢ ገባ። ዱላውን አየሁና ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

«አባባ! እርስዎም?»

«እኔም!» አሉ። «የኔን ቀበሌ ሰዎች ሳልለቃቸው ስናገር ስናገር ዝም በል ለማለት አፍረው መረጡኝ።»

አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለታችንም እንደ ሠርግ ቤት ሰው ፊታችን በርቷል።

ስብሰባው ግን በሪፖርት ተጀመረ፤ ሪፖርቱም አላልቅ አለ። ጠዋት ኢንሱሊኔን ወግቼ ቁርሴን በልቻለሁ፤ የሻይ ዕረፍት ይኖራል ብዬ ነበር፤ ዕረፍቱ ተገፋ። በመጨረሻ ውይይት ሲከፈት እጄን አወጣሁ፤ ስሜ ተመዘገበ፤ ከፊቴ ሁለት ተናጋሪዎች ቀሩ። ያን ጊዜ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፍርሃት ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ላብ አጠመቀኝ። መድረኩ ላይ የሚናገረው ሰው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚለውን አልሰማም።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩ። እጄን ያዙ።

«ስኳርሽ ወርዷል» አሉኝ። በጋቢያቸው ውስጥ ፈልገው ሦስት ከረሜላ አወጡና የአንዱን ወረቀት በጥርሳቸው ቀድደው አፌ ውስጥ ከተቱልኝ። «ምጠጪ። ሌላም አለ።»

በዚህ መሃል ስሜ ተጠራ። ለመነሳት ሞከርኩ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ሽማግሌው ግን ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ልጅቷ እስክትረጋጋ እኔ ልናገር» አሉ።

«የእርስዎ ተራ በኋላ ነው፣ አባቴ» አለ ሰብሳቢው።

«የኔ ተራ እሷ እስክትነሳ ነው። ያማታል። እኔንም እንዲሁ ያመኛል፤ አውቀዋለሁ።»

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ሁለተኛውን ከረሜላ ከፈትኩ። ሰብሳቢው ይናገሩ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው።

«እኔ በየሦስት ወሩ ሪፈር ላጽፍ ግማሽ ቀን እወጣለሁ» ብለው ጀመሩ። «ጤና ጣቢያ ያሉት ልጆች ጥሩ ልጆች ናቸው። ያዩኛል፤ ስኳር አለብዎት ብለው ይጽፉልኛል። በሚቀጥለው ደግሞ እሄዳለሁ፤ አሁንም ስኳር አለብዎት ብለው ይጽፉልኛል። እኔ የምጠይቀው፣ ስኳሬ በመሃል ድኖ እንደሆነ ለማጣራት ነው ወይ? ድኖልኝ ቢሆንማ እልል እያልኩ መጥቼ ራሴ እነግራችሁ ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ካህናቱ ሳይቀሩ ሳቁ። እሳቸው አላቋረጡም። ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ተረከዛቸው ተናገሩ። እሳቸው ሲናገሩ የኔ ዓይን እየተገለጠ፣ እጄ እየረጋ፣ ድምፆቹ ወደ ቦታቸው እየተመለሱ መጡ። ዞር ብለው አዩኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩላቸው።

«ይኸው ተነስታለች» ብለው ተቀመጡ።

ተነሳሁ። ሦስተኛው ከረሜላ ገና ጉንጬ ውስጥ ነው። ለሳምንት የተለማመድኩት ንግግር ከነመግቢያው ጠፍቶኛል። ስለዚህ ያለውን ተናገርኩ።

«አሁን ያያችሁት በሽታችን ይኸው ነው» አልኩ። «ሰልፍ ላይም እንዲሁ ይይዘናል፤ መንገድ ላይም ይይዘናል። ካርዱ ሕይወቴን መልሶልኛል። ከካርዱ በፊት መድኃኒቴን እየቆጠብኩ ዓይኔ ሊጠፋ ነበር፤ ይህን ለአባቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም። አሁን ክር በመርፌ አስገባለሁ። የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። የማይድን በሽታ ላለብን ሪፈሩ ዓመት ያገልግለን። ደግሞ በሽታው የተረጋጋለት ሰው መድኃኒቱን እዚያው ቅርቡ ካለ ጤና ጣቢያ ይውሰድ፤ ሆስፒታል የሚሄደው ሲብስበት ይሁን።»

ከተቀመጥኩ በኋላ ጭብጨባው ቀጠለ። የጤና መድህኑ ኃላፊ፣ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ተነስታ ደንቡ ለምን እንደወጣ አስረዳች። ጉንፋን የያዘው ሁሉ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ ለባሰበት ሰው አልጋም ሐኪምም አይተርፍም አለች። ልክ ነበረች፤ እኔም በልቤ ተቀበልኳት። ቀጥላ ግን ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ለእንደነዚህ ዓይነት ታካሚዎች ግን ለብቻ ሊታይ ይችላል፤ ጉባኤው ከወሰነ እኛ እናስፈጽማለን» አለች። ከሆስፒታሉ የመጣው ሐኪምም፣ «የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን እኛ እናሠለጥናለን፤ ለኛም ሥራ ይቀልልናል» ብሎ ጨመረ።

ሰብሳቢው ድምፅ ይሰጥ አለ። ዓይኔን ልጨፍን ፈልጌ ነበር፤ ሳልጨፍን ዞሬ አየሁ። እጅ ያልወጣበት ረድፍ አላየሁም። ሽማግሌው ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተዋል።

«አባባ፣ አንድ እጅ ነው!» አልኳቸው።

«አንዱ የግፊቱ ነው» አሉ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራለች፤ ምሳ አልበላንም። አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዝን። እሳቸው ክኒናቸውን በውሃ ዋጡ፤ እኔ ስኳሬን ለክቼ አሳየኋቸው። በመሃል አባቴ ደወለ። ነገሩን ከነሱ ቀበሌ ተወካይ ሰምቷል። ይጮሃል፤ ምን እንደሚል ግን አይገባኝም። ኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መድኃኒቱን ትቀንሺ ነበር አሉኝ» አለ።

ለካ ያንንም ሰምቷል።

«በጎቹ ይመለሳሉ፤ አንቺን ማን ይመልስልኛል?» አለኝ። «ሁለተኛ እንዳትደብቂኝ።»

«አልደብቅህም፣ አባዬ።»

እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ያላዩ ለመምሰል ሽሯቸው ላይ አጎነበሱ።

ውሳኔው ወዲያው ሥራ ላይ አልዋለም። ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት፤ ሥልጠናም ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ የዘገየበት ጊዜም ነበር። እኔ በየሳምንቱ ቢሮው በር ላይ ብቅ እያልኩ «ደረሰ?» ስለምል ጥበቃው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «አልደረሰም» ለማለት ራሱን ይነቀንቅልኝ ጀመር። አንድ ጠዋት ግን ራሱን ሳይነቀንቅ በእጁ ጠራኝ። ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ። ነርሱ ሪፈሬን ጻፈና ከታች «ለአንድ ዓመት የሚያገለግል» ብሎ ጨምሮ ማህተሙን መታበት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እያልኩ ቆምኩ።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አግዳሚያችን ላይ አልታዩም። እነሱ ዘንድ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ክትትል ጀመረና መድኃኒታቸውን ከዚያው ይወስዳሉ። ስልክ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚነግሩኝ የስኳራቸውን ልክ ነው፤ ከዚያ የኔን ይጠይቃሉ፤ የማን ይሻላል ብለን እንፎካከራለን። መድኃኒት የጠፋበት ወር አጋጥሞናል፤ ያኔ ሁለታችንም ደውለን የምንጨቀጭቀው ኃላፊዋን ነው። እሷም ለምዳናለች።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሲደርስ ቢሮው አስጠራኝ። በገበያ ቀን ባጃጅ ላይ ሆኜ በድምፅ ማጉያ እንድቀሰቅስ ጠየቁኝ። የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ሄድኩ። የእህሉ ተራ፣ የከብቱ ተራ፣ የሽንኩርቱ ተራ ሁሉ ሰው ሞልቷል። ማጉያውን ይዤ የራሴን ታሪክ መናገር ጀመርኩ። ባጃጇ በሰው መሃል ቀስ እያለች ትሄዳለች።

ሽንኩርት ተራ ስንደርስ አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ ባጃጇን በእጇ መትታ አስቆመች።

«አንቺ፣ ስኳር አለብኝ ያልሽው እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ።»

«ምኑ ነው በሽተኛ የሚያስመስልሽ? ጤነኛ አይደለሽም እንዴ!»

«እየታከምኩ ነዋ!»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ ዞር ብላ ከኋላዋ ሽንኩርት የሚመርጠውን ባሏን በጋቢው ጫፍ ሳበችው።

«ና፣ ቤት ውስጥ ግፊቴ ነው እያልክ ግድግዳ ከምትደገፍ ተመዝገብ! የሚመዘግቡት የት ነው ያልሽኝ?»

የመዝጋቢዎቹን ጠረጴዛ በጣቴ ጠቆምኳት። ባሏ «ሽንኩርቱስ?» እያለ፣ እሷ «ሽንኩርቱ የትም አይሄድም!» እያለች ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። ሰዎች ሳቁ፤ ሁለት ሴቶች ደግሞ ቅርጫታቸውን አንስተው ተከተሏቸው። ባለ ባጃጁ ሞተሩን አስነሳ፤ እኔም ማጉያውን ወደ አፌ መለስኩ፤ ወደ እህል ተራው ዞርን።